መጀመሪያ ገምቱ፦ ከጎንደር አንድ ትምህርት ቤት ግቢ የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር መጨረሻ

የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆችን ሂሳብና አካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ያለው፣ የተሰባበረ ዴስክ ሲከመርበት የኖረው ቦታ ተለቀቀልኝ። ዴስኮቹ ተነሡ፣ ሣሩ ታጨደ፣ መሬቱም ተደለደለ። ሐሳቤ ቦታውን የመለኪያ ግቢ ማድረግ ነው፦ ጥላ የሚለካበት ዘንግ፣ ከልብስ መስቀያ የሚሠራ ሚዛን፣ ቆርኪ የሚሰካበት ሽቦ፣ ባቄላ የሚበቅልበት መደርደሪያ፣ ክረምቱ ሲቃረብ ደግሞ የዝናብ መለኪያ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሲሚንቶው ከአጥር ጥገና የተረፈ ነው፤ ቀለሙን ርዕሰ መምህሯ ከመጋዘን ፈቀደችልኝ።

የግቢው ደንብ አንድ ብቻ ነው። ማንኛውም ነገር ከመለካቱ በፊት ልጁ ግምቱን ይጽፋል። ደብተሩ ላይ ሁለት ዓምድ ያሰምራል፤ በግራ «ግምት»፣ በቀኝ «ልክ»። የግምቱን ዓምድ ላጲስ አይነካውም። ልጆቻችን ሲጠየቁ መልሱን የሚፈልጉት መምህሩ ፊት ላይ ነው። «እርግጠኛ ነህ?» ካልከው ልክ የነበረውንም ይቀይረዋል። ሳይለካ የተጻፈ ቁጥር ግን የራሱ ነው። ካልተጻፈ ደግሞ፣ ከተለካ በኋላ ክፍሉ በሙሉ «እኔም እንደዚያ ነበር ያልኩት» ይላል።

አንድ ክፍል ውስጥ ከስልሳ በላይ ልጆች ስላሉ ግቢው የሚሠራው በቡድን ነው። አምስት አምስት ሆነው ይወጣሉ፤ የቀሩት ከውስጥ የደብተር ሥራ አላቸው። በሐቅ ለመናገር የውስጦቹ ሥራ ላይ ሳይሆኑ መስኮት ላይ ናቸው።

ታኅሣሥ፣ ዘንጉ

ዘንጉን ያቆምነው ከጥበቃችን ጋር ነው። ጋሼ ወጣት ሳሉ ግንበኛ ነበሩ፤ ቱንቢ (ቀጥታን ለማየት በክር የሚንጠለጠል ብረት) እና ውሃ ልክ ከቤታቸው ይዘው መጡ። የመጥረጊያ እንጨት በባዶ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ በሲሚንቶ ተተከለ፣ ቆርቆሮውም እስከ አፉ መሬት ገባ። ከመሬት በላይ ያለው ልክ አንድ ሜትር እንዲሆን ጫፉን በመጋዝ ቆረጡት። ቱንቢውን በሁለት በኩል እያንጠለጠሉ ሲያስተካክሉ ልጆቹ ከበዋቸው ቆሙ። ከሁለተኛ ክፍል አንዷ «ብረቱ ለምን ወደ ጎን አይሄድም?» ብላ ጠየቀች። ጋሼ ቀና ሳይሉ «መሬት ወደ ራሷ ስለምትስበው ነዋ» አሏት። የሳምንቱን ትምህርት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱልኝ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነበር፦ ጥላው ከሁሉ የሚያጥረው በስንት ሰዓት ነው? ከጥቂቶች በቀር ሁሉም «6 ሰዓት» ብለው ጻፉ። እኩለ ቀን ነዋ። 6 ሰዓት ላይ ስንለካ ጥላው 75 ሴንቲሜትር ሊሞላ ጥቂት ጎደለው። ከሩብ ሰዓት በኋላ 73 ሆነ። ከዚያ ወዲያ ያጥር ይርዘም መለየት አልተቻለም፤ የጥላው ጫፍ ደብዛዛ ነው፣ አንዱ ልጅ 72 ይላል፣ ሌላው 74። ክርክሩ ወደ ግፊያ ሊያመራ ሲል ዘዴውን ቀየርን።

በሲባጎ 80 ሴንቲሜትር ለክተን በዘንጉ ዙሪያ ክብ ሣልን። የጥላው ጫፍ ጠዋት ከውጭ መጥቶ ክቡን ሲነካ አንድ ምልክት፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ውጭ ሲወጣ ሌላ ምልክት ይደረጋል። ከሁሉ ያጠረበት ሰዓት የሁለቱ አጋማሽ ነው። የዚህ ዘዴ ጥሩነቱ ትምህርት ቤታችን በፈረቃ መሆኑ ነው። የጠዋቶቹ መግቢያውን መዝግበው ይሄዳሉ፣ የከሰዓቶቹ መውጫውን ይመዘግባሉ። በዚህ ግቢ የሁለቱ ፈረቃ ልጆች በር ላይ ከመገፋፋት ሌላ አብረው የሠሩት ነገር አይቼ አላውቅም ነበር።

መግቢያው 5:31፣ መውጫው 7:25 ተመዘገበ። ሦስተኛ ክፍሎች በመካከሉ ያለውን ጊዜ እንዲያወጡ ሰጠኋቸው። ከ725 ላይ 531 ቀነሱ፤ 194። ሰሌዳው ላይ «1 ሰዓት ከ94 ደቂቃ» ተብሎ ተጻፈ። ዝም አልኩ። ከኋላ ያለ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ 94 ደቂቃ ሰዓት ላይ የለም እኮ» አለ። ለምን እንደሌለ እሱው ወጥቶ እንዲያስረዳ ጠየቅኩት። የግድግዳውን ሰዓት አወረድን፤ ረጅሙን ቆጣሪ በጣቱ እያዞረ 60 ሲሞላ አጭሩ አንድ እርምጃ እንደሚሄድ አሳየ። ስለዚህ ከሰዓት ቤት አንድ ስትበደር የሚመጣልህ 60 ነው፣ 100 አይደለም። ከዚያ በኋላ ቅነሳውን ትተው መቁጠር ያዙ፦ ከ5:31 እስከ 6:31 አንድ ሰዓት፣ ከዚያ እስከ 7:25 ደግሞ 54 ደቂቃ። ግማሹ 57 ደቂቃ፤ 5:31 ላይ ሲደመር 6:28።

እኩለ ቀናችን 6:28 ላይ ነው ማለት ነው። የአገራችን ሰዓት የተቀመረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ ያ መስመር በኦጋዴን በኩል ያልፋል። ጎንደር 37.5 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። መሬት አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል፤ 7.5 ዲግሪው ሰላሳ ደቂቃ ይሆናል። ለልጆቹ ያልኳቸው ግን ይህን ብቻ ነው፦ ፀሐይ ጅጅጋ ላይ አናት ከደረሰች በኋላ እኛ ጋ ለመድረስ ጊዜ ይወስድባታል። ጥር ላይ ደግመን ስንለካ አጋማሹ ወደ 6:42 ተንሸራተተ። ይህ የመሬት ምሕዋር ሙሉ ክብ ካለመሆኑና ከዘንጓ ማዘንበል የሚመጣ ነው፤ ለሁለተኛ ክፍል አይነገርም። የገረማቸው ካሉ ደብተራቸው ላይ ቁጥሩ አለ፣ ሲያድጉ ይመለሱበታል።

ሁለቱን ምልክቶች የሚያገናኘውን መስመር ከአጋማሹ ወደ ዘንጉ ስንስብ ሰሜንና ደቡብ ወጣ። በነጭ ቀለም ቀባነው። ጥላው አሁን የሚወድቀው ወደ ሰሜን፣ በደባርቅ መውጫ በኩል ነው። ረጅሙን ግምት ያኔ አስጻፍኳቸው፦ ይህ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ፣ ወደ አዘዞ በኩል የሚዞርበት ቀን ይኖራል? ሁሉም «የለም» ብለው ጻፉ። አንድ ልጅ ብቻ «አለ» አለ። ለምን ስለው «ቲቸር፣ ባይኖርማ አትጠይቂንም ነበር» አለኝ። ፊቴን አንብቦ ነው።

ያው ወር፣ ቆርኪ

ቆርኪ አምጡ ብዬ ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላ ማዳበሪያ ከረጢት አጋመሰ። ዳሽን እዚሁ ጎንደር የሚጠመቅ ቢራ ነውና በየግሮሰሪው ደጃፍ ቆርኪ አይጠፋም። የአንዷ ልጅ አያት ግን በር ድረስ መጡ። «ልጄን ቢራ ቤት ደጃፍ የምታስለቅሚያት ምን ልታስተምሪያት ነው?» አሉኝ። አስገብቼ ሥራውን አሳየኋቸው። ቆርኪው በሚስማር ይበሳል፣ አሥር አሥር እየሆነ በሽቦ ይሰካል፣ አሥር ሽቦ በጣውላ ፍሬም ሲገባ መቶ ይሆናል። ዞር ዞር ብለው ካዩ በኋላ «ጠጠር አይሻልም ነበር?» አሉ። «እማማ፣ ጠጠር አይበሳማ» አልኳቸው። ሳቁና ሄዱ፤ በማግስቱ ልጅቷ ታጥቦ የደረቀ ቆርኪ ይዛ መጣች።

ጠጠሩም ሥራ አላጣም። ግቢው ጥግ ላይ ለገበጣ ጉድጓድ ቆፍረናል፤ ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት፣ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር። ሁሉም ጠጠር ስንት ነው? አንዳንዱ አንድ በአንድ ይቆጥራል። አንዳንዱ አራት አራቱን ይዘላል። አንዷ አንዱን ረድፍ ብቻ ቆጥራ 24 አገኘችና «ያኛውም ያው ነው» ብላ 48 አለች። የማባዛት ሠንጠረዥ በቃል ከመሸምደዱ በፊት ይህን ማየት ይበቃኛል።

ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ

ከበዓሉ መልስ «መቶ ሦስት ጻፉ» አልኳቸው። ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ከሲሶው የማያንሰው 1003 ጻፈ። «መቶ ሰባ ሁለት» ስል 100702 የጻፈም ነበር። በየዓመቱ አለ ይህ ነገር፤ ብዙ ጊዜ በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዝና ያልፋል።

ልጁ ግን በዘፈቀደ አልጻፈም። የሰማውን በሰማው ቅደም ተከተል አስቀመጠ፦ መጀመሪያ መቶ፣ ቀጥሎ ሦስት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ግዕዝ አኃዝም ስላለበት አውርጄ አሳየኋቸው። መቶ ሦስት በግዕዝ ፻፫ ነው። መቶ ሰባ ሁለት ፻፸፪ ነው። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፣ አያስፈልገውምም፤ እያንዳንዱ ምልክት ዋጋውን ተሸክሞ ይዞራል። ፻ የትም ቢቆም መቶ ነው። በ103 ውስጥ ያለው 1 ግን መቶ የሆነው በመቀመጫው ነው፤ ዜሮዋ የተቀመጠችውም ያንን ቦታ ልትጠብቅ ነው። 1003 የጻፈው ልጅ በግዕዝ ሕግ ልክ ነበር፤ የተሳሳተው በዚህኛው ነው። ይህን ስነግረው ፊቱ በራ።

ከዚያ ወደ ቆርኪው። መቶ ሦስት ማለት አንድ ፍሬም፣ ምንም ሽቦ፣ ሦስት ያልተሰካ ቆርኪ። «ምንም ሽቦ» የሚለው ነው ዜሮው። ከካርቶን ደግሞ ስፋታቸው የተለያየ ቁራጮች ቆረጥን፦ ሰፊው ላይ 100፣ መካከለኛው ላይ 70፣ ጠባቡ ላይ 2 ተጻፈ። የቀኝ ጠርዛቸውን አስተካክለህ ስትደርባቸው 172 ይነበባል፤ ስትገልጠው ከሥር የተሸፈኑት ዜሮዎች ይታያሉ። ከሠራናቸው ሁሉ ርካሹ መሣሪያ ይህ ነው፣ ከሁሉም በላይ የሠራልኝም ይኸው ነው።

ፋሲል ግቢንም በዚሁ ሰሞን ሄደን አየን። ሁለተኛ ክፍሎች እንቁላል ግንብን ቆመው እያዩ ቅርጽ ለቀሙ፦ የማዕዘን ማማው ክብ ምሰሶ ቅርጽ፣ ከላዩ ጉልላት፣ መስኮቱ አራት ማዕዘን ሆኖ አናቱ ቅስት። ሦስተኛ ክፍሎች የአጥሩን ዙሪያ በእርምጃ ገመቱ። የግንቡ አጥር ዙሪያ 900 ሜትር ነው፤ ይህን አልነገርኳቸውም። ግምታቸው ከ200 እርምጃ እስከ «አንድ ሚሊዮን» ነበር። ትምህርት ቤት ላይ አሥር እርምጃቸውን በሜትር ለክተን ስለነበር አንድ እርምጃ ግማሽ ሜትር ገደማ እንደሆነ ያውቃሉ። ርዝመቱን ስነግራቸው 1,800 እርምጃ እንደሚሆን አንድ ቡድን ራሱ ደረሰበት። በእግር ያረጋገጥነው አንዱን ጎን ብቻ ነው፤ መኪናና ባጃጅ በሚተላለፍበት መንገድ ስልሳ ልጅ ይዞ መዞር ለኔ አልታየኝም።

የካቲት፣ የተሰበረ ማስመሪያ

በመጽሐፉ ርዝመት የሚጀምረው ከስንዝርና ከክንድ ነው፤ መልካም አጀማመር ነው። ሰሌዳውን አንዲት ልጅ በክንዷ ለካች፣ ጋሼ በክንዳቸው ለኩ። ቁጥራቸው አልተገናኘም። «ማነው ልክ?» ስላቸው ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ጋሼ!» አለ፤ ሽማግሌ ናቸዋ። «ገመድ በክንድ እየተለካ ቢሸጥላችሁ ማንን ትልካላችሁ?» አልኩ። ይህን ለመመለስ ሰከንድ አልፈጀባቸውም፤ ጋሼን ይዘው ገበያ ሊወጡ ምንም አልቀራቸው። ሴንቲሜትር ለምን እንዳስፈለገ ከዚህ በላይ ማብራራት አልነበረብኝም።

ማስመሪያው ራሱ ነው አስቸጋሪው። ልጆች ማስመሪያ ሲይዙ የሚያዩት ቁጥሮቹን ነው፣ በቁጥሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት አይደለም። ብዙዎች የእርሳሱን አንድ ጫፍ 1 ላይ ያስቀምጡና ሌላው ጫፍ የደረሰበትን ያነባሉ፤ ዜሮ ለነሱ መነሻ አይመስላቸውም። ሌሎች ደግሞ ከፕላስቲኩ ጠርዝ ይጀምራሉ፤ ብዙ ማስመሪያ ላይ ዜሮው ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብሎ ነው የሚጀምረው።

ስለዚህ ሆን ብዬ ማስመሪያዎችን ሰበርኩ። ከ4 የሚጀምር፣ ከ7 የሚጀምር፣ ከ11 የሚጀምር ቁራጭ ለየቡድኑ ሰጠሁ። አንድ እርሳስ ከ4 እስከ 13 ደረሰ። ግምት ዓምዱ ላይ 10 ብሎ ጽፎ የነበረ ልጅ «13 ነው» አለና ግምቱን አየ፤ እንደገና እርሳሱን አየ። ጎረቤቱ ጣቷን በየክፍተቱ እያሳለፈች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆጠረች፤ 9። ልጁ አልተዋጠለትም። ሙሉ ማስመሪያ ተውሶ መጣና ለካው፤ 9። ከዚያ ወደ ቁራጩ ተመልሶ 13ን ያየዋል፣ 4ን ያየዋል። «ከ13 ላይ 4 ስትቀንሺ እኮ ነው» አላት በመጨረሻ፣ እሷ እንዳልገባት ሁሉ። ቅነሳ ማለት በሁለት ቁጥር መካከል ያለው ርቀት እንደሆነ ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ።

ሚዛኑ ባጭሩ፦ የሽቦ ልብስ መስቀያ፣ በሁለቱ ጫፍ በሲባጎ የተንጠለጠሉ እኩል ጣሳዎች። ለቀላል ነገር ይሆናል፤ ክብደት ሲበዛ መስቀያው ይጎብጣል። ለከባዱ ጋሼ ከጣውላ ሠሩልን። የክብደት ድንጋይ ስላልነበረን ውሃ ተጠቀምን። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሞልቶ 500 ግራም ነው፣ የፕላስቲኩን ሳንቆጥር። ቢጫዋ ጀሪካን 20 ሊትር ትይዛለች፤ ስንት ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይሞላታል? ውሃ መቅዳት የለመዱ ልጆች ናቸው፣ ግን ግምታቸው ከ10 እስከ 20 ነበር። 40 ሲሆን አላመኑም። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ መሆኑን ስነግራቸው ግን አንዷ «አውቀዋለሁ» አለችና ትከሻዋን አሻሸች።

መጋቢት፣ ባቄላ

ጾም ገብቷል፤ በየቤቱ በቆልት አለ። ባቄላ ውሃ ውስጥ አድሮ ጨርቅ ውስጥ ሲከደን እንደሚያጎነቁል ለልጆቹ የሚነግራቸው አያስፈልግም፣ በልተውታል። እኛ የፈለግነው ቀጥሎ የሚሆነውን ነው።

ሃይላንድ ከወገቡ ተቆርጦ ግድግዳው ላይ እርጥብ ሶፍት ተለጠፈ፤ የተዘፈዘፈው ባቄላ በሶፍቱና በፕላስቲኩ መካከል ገባ፣ ከውጭ እንዲታይ። ግምት አንድ፦ መጀመሪያ የሚወጣው ቅጠል ነው ወይስ ሥር? አብዛኛው ቅጠል አለ። ሥር ሆነ። ግምት ሁለት፦ ባቄላው ተገልብጦ ቢቀመጥ ሥሩ ወደ ላይ ያድጋል? ግማሽ በግማሽ ተከፈሉ። የተገለበጠው ሥሩን ወደ ላይ አወጣ፤ በማግስቱ ታጠፈ፣ ከዚያ ፕላስቲኩን ታክኮ ወደ ታች ወረደ። ሲገለብጡት እንደገና ታጠፈ። የቱንቢዋ ልጅ «ይኼንንም መሬት ትስበዋለች?» አለች። ሥሩ የመሬትን ስበት አቅጣጫ ይለያል፤ ተጎትቶ ሳይሆን አድጎ ነው የሚታጠፈው። ልዩነቱን ለማስረዳት ሞክሬአለሁ፤ ምን ያህል እንደገባት በርግጠኝነት መናገር አልችልም።

ግምት ሦስት ከሁሉም የበለጠ አከራከረ። አንዱ ዕቃ መስኮት ላይ፣ ሌላው በተዘጋ ካርቶን ውስጥ ተቀመጠ፤ ውሃው እኩል ነው። የቱ ይረዝማል? ሁሉም «የመስኮቱ» አሉ። ብዙዎች «የካርቶኑ ይሞታል» ብለው ጨመሩ። ካርቶኑ ሲከፈት ጩኸት ሆነ፤ ውስጥ ያለው ከመስኮቱ ይረዝማል፤ በክር ስንለካ 19 ሴንቲሜትር፣ የመስኮቱ 11። ታዲያ ጨለማ ይሻላል ማለት ነው? እንዲነኩት ፈቀድኩ። የካርቶኑ ቀጭን፣ ቢጫ፣ ቅጠሉ ያልተዘረጋ፣ ራሱን መቻል ያቃተው ነው። የመስኮቱ ወፍራምና አረንጓዴ። ያ ሁሉ ርዝመት ፍሬው ውስጥ ከተቀመጠው ስንቅ የወጣ ነው፤ ተክሉ ብርሃን ፍለጋ ስንቁን በመርዘም ጨረሰው። «ይረዝማል» እና «ያድጋል» አንድ እንዳልሆኑ አዩ። ልክ ዓምዱ ላይ ርዝመት ብቻ መጻፍ አልበቃ ስላላቸው ሦስተኛ ዓምድ ራሳቸው ጨመሩ፦ «ቀለሙ»። እኔ አላዘዝኩም።

አንድ ጎበዝ ልጅ ደግሞ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አሳየኝ። ሥዕሉ ላይ ፍሬው ለሁለት ተከፍሎ ከግንዱ ጋር ወደ ላይ ወጥቷል፤ የኛ ባቄላ ፍሬ ግን ከነበረበት አልተነሣም። ሥዕሉ የቦሎቄ ነው። ቦሎቄ የፍሬውን ክፋዮች ከአፈር አውጥቶ ወደ ላይ ይዞ ይነሣል፣ ባቄላ እዚያው ሥር ይተዋቸዋል። ሽምብራና አተርም እንደ ባቄላ ናቸው። ቦሎቄ ገዝቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ።

ጥላው በዚህ መካከል ሳይቋረጥ እየተለካ ነው። ታኅሣሥ 13 ላይ 73 ሴንቲሜትር፣ ጥር 18 ላይ 61፣ የካቲት 8 ላይ 47፣ መጋቢት 12 ላይ 22። መስመሩ ላይ በየቀኑ ቦታ ነጥብ ተቀብቷል። ልጆቹ የቀጣዩን ነጥብ ቦታ በጠመኔ እየገመቱ ያስቀምጣሉ፤ ጠመኔው ከወር ወር ወደ ልኩ እየቀረበ ነው።

ሚያዝያ 16

ሚያዝያ 1 ላይ 9 ሴንቲሜትር ቀርቶት ነበር። ዛሬ ሁለቱም ፈረቃ በአንድ ላይ ግቢው ውስጥ ነበሩ፤ ርዕሰ መምህሯ የጠዋቶቹን ጥቂት እንዳቆያቸው፣ የከሰዓቶቹ ቀደም ብለው እንዲገቡ ፈቀደች። ጠዋት ደመና ነበር፤ 6 ሰዓት ሲሆን ተገለጠ። 6:28 ገደማ ዘንጉ ጥላ አልነበረውም። ጋሼ ቱንቢውን አንጠለጠሉት፤ የክሩ ጥላ ብረቱ ሥር ገብቶ ጠፋ። ልጆቹ ወዲያው ወደ ራሳቸው ጥላ ዞሩ፤ እግራቸው ሥር ተጠቅልሏል። አንዱ እየዘለለ ሊይዘው ሞከረ።

ይህ በሰሜን ርቀው ባሉ አገሮች ከቶ አይሆንም፤ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው በሁለቱ የሐሩር መስመሮች መካከል ላለ ብቻ ነው፣ በዓመት ሁለት ጊዜ። ጎንደር 12.6 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ቀኑ ሚያዝያ 15 ወይም 16 ላይ ይውላል። አዲስ አበባ ሚያዝያ 5 ገደማ ቀድማ ታገኘዋለች፣ አክሱም 20 ገደማ። ሁለተኛው የኛ ቀን ነሐሴ 13 አካባቢ ነው፤ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ሰማዩም በደመና የተሸፈነ ነው።

ግንቦት

ግንቦት 1 ላይ ጥላው 8 ሴንቲሜትር ነበር፣ ወደ ደቡብ። ታኅሣሥ ላይ «አለ» ብሎ የጻፈው ልጅ ደብተሩን ይዞ በየክፍሉ ዞረ። መከልከል አልቻልኩም።

የሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። የላቦራቶሪ ቴርሞሜትር ከሁለተኛ ደረጃ መምህር ተውሼ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ አፈላን፣ ልጆቹ ከጠመኔ መስመር ወዲያ ቆመው። የሁሉም ግምት 100 ነበር፤ ይህንን እንኳ በልባቸው ያውቁታል። ውሃው ተንፈቀፈቀ፣ ቴርሞሜትሩ 93 ላይ ቆመ፤ እሳቱን ብንጨምር ከዚያ አልወጣም። «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» ተባለ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከላይ የሚጫነን አየር ስለሚያንስ ውሃው ቀድሞ ይፈላል። ባቄላና ሽሮ እህል እዚህ ቶሎ የማይበስለው ውሃው ቢፈላም ያን ያህል ስለማይሞቅ ነው። መጽሐፉ 100 ያለው በባሕር ወለል ላይ ነው፣ አልተሳሳተም። ደብተራቸው ላይ በግምት 100፣ በልክ 93 ተጻፈ፤ በፈተና ምን እንደሚጽፉ ጠየቁኝ። «ጥያቄው የት እንደሆነ ካልነገራችሁ 100» አልኩ። ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ሰኔ፣ ዝናብ መለኪያ

ዝናቡ ጀምሯል። ሃይላንዱ ከትከሻው ተቆርጦ አናቱ ተገልብጦ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ገባበት። የሃይላንድ መቀመጫ ጎርባጣ ስለሆነ ጠጠርና ውሃ ጨምረን ግድግዳው ቀጥ እስከሚልበት ሞላነው፤ ዜሮ ከዚያ ይጀምራል። የተሰበረው ማስመሪያ እዚህ ሥራ አገኘ፤ በፕላስተር ጎኑ ላይ ተለጠፈ። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው።

የዓመቱ የመጨረሻ ግምት ይህ ሆነ፦ ግድግዳው ቀጥ ያለ ጠባብ ጣሳና ቀጥ ያለ ሰፊ ባልዲ ሜዳ ላይ እኩል ዝናብ ቢመታቸው፣ በየትኛው ውስጥ ውሃው ከፍ ይላል? ከሞላ ጎደል ሁሉም «ባልዲው»። ጥቂቶች «ጣሳው፣ ጠባብ ስለሆነ ቶሎ ይሞላል»። እኩል ያለ አልነበረም። ሰኔ አጋማሽ ላይ አንድ ከሰዓት የወረደው ዝናብ ሲያባራ ማስመሪያ አስገባን፤ ጣሳው 14 ሚሊሜትር፣ ባልዲው 14 ሚሊሜትር።

ክርክሩ እስከ መውጫ ደወል ዘለቀ። «ባልዲው ግን ብዙ ውሃ አለው» የሚሉት አልተረቱም፣ ሊረቱም አይገባም፤ ባልዲው በርግጥ ብዙ ውሃ አለው። ሁለቱን ወደ እኩል ሃይላንዶች ገልብጠን አሳየን፤ የጣሳው ታች ቀረ፣ የባልዲው ከሁለት ሃይላንድ አለፈ። ታዲያ ከፍታቸው እንዴት እኩል ሆነ? ሰፊው አፍ ብዙ ጠብታ ይቀበላል፣ ግን የተቀበለውን በሰፊ ወለል ላይ ያሰፍረዋል። ከሦስተኛ ክፍል ሁለት ልጆች ይህን በራሳቸው ቃል ተናገሩት። የቀሩት «ባልዲው ፈስሷል» የሚል አቋም ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። መስከረም ላይ እነዚያው ልጆች ሌላ ክፍል ገብተው ይመጣሉ፤ ባልዲውን አስቀምጬላቸዋለሁ።

ጥላው ሰኔ 14 ላይ 19 ሴንቲሜትር ነበር፣ ወደ ደቡብ፤ ከዚህ በኋላ ይመለሳል። ሐምሌና ነሐሴን ጋሼ ይመዘግባሉ፦ ዝናቡን በየጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ጥላውን ሰማዩ ከተገለጠ። ደብተር ሰጥቻቸዋለሁ፣ ሁለት ዓምድ አስምሬ። ለክረምቱ የቀረን ነጩን የጥላ መስመር እንደገና መቀባትና የገበጣውን ጉድጓድ በሲሚንቶ መለሰን ነው፤ ጎርፍ ደርምሶታል።